መሬትን የሚከፍል እጅ መንደርንም ይቀርጻል

የገጠር መልክ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አይደለም። ማሳው፣ ወሰኑ፣ የጎጆው አሠፋፈር፣ መንጋ የሚነዳበት መንገድ ሁሉ ኅብረተሰቡ ከአፈርና ከዝናብ ጋር ያደረገው ትግል፣ በመሬትም ላይ ያቋቋመው ግንኙነት ውጤት ነው። ስለሆነም አንድን መንደር በቅጡ ለመረዳት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ «መሬቱ በማን እጅ ነው? የሚከፋፈለውስ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከኮንሶ ተነሥተን ወደ ቱርሚ ስንወርድ የዚህን አባባል እውነትነት እንገነዘባለን። የኮንሶ ገበሬ ተረተሩን በድንጋይ እርከን አስሮታል። ትውልድ በትውልድ የተካበው እርከን ሰውን ከቦታው ጋር ስለሚያቆራኝ መንደሮቹም በካብ የተከበቡና የተጠጋጉ ናቸው። ይህ የሥራ ፍሬ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

በሐመር ወረዳ፣ በቱርሚ ዙሪያ ግን ዝናቡ ጥቂት፣ መምጫውም የማይታመን ነው። የሐመር ሕዝብ ቁጥቋጦውን መንጥሮ ማሽላ ይዘራል፤ አፈሩ ሲደክም ማሳውን አሳርፎ ሌላ ይከፍታል። ፍየሉና ከብቱ ሣርና ውኃ ተከትለው ይንቀሳቀሳሉ፤ የካስኬ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ተቆፍሮ ውኃ ይወጣል። ማሳው መንጥሮ ባለማው ቤተሰብ ይዞታ ሥር ሲሆን ግጦሹ የጋራ ነው። መንደሩም ይህንኑ አኗኗር ይመስላል፤ በእንጨትና በሣር የተሠሩ ጥቂት ክብ ጎጆዎች በረታቸውን ይዘው ተራርቀው ይታያሉ። ለእንግዳ ዓይን «ባዶ» የሚመስለው ቁጥቋጦ የትናንት ማሳ፣ የዛሬ ግጦሽ፣ የነገ እርሻ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ጭሰኝነትን አስወግዶ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ የሚደርሰው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በዚያን ጊዜ «ዘላን» ይባሉ ለነበሩት ደግሞ በልማድ ሲገለገሉበት በኖሩት ግጦሽ የመጠቀም መብት ሰጣቸው። ሕጉ ልዩነቱን አይቶ ነበር። በ1978 ዓ.ም. በሰፊው የተካሄደው የመንደር ምሥረታ ግን በብዙ የአገሪቱ ክፍል ጎጆን በረድፍ አሰለፈ፤ ገበሬውን ከማሳው አራቀው። በ1982 ዓ.ም. ፖሊሲው ሲለወጥ አያሌ ገበሬዎች ወደ ቀድሞ ቀዬአቸው ተመለሱ። ከአመራረቱ ተነጥሎ በወረቀት ላይ የተሠመረ መንደር አይጸናም።

ይህ ትምህርት ዛሬም በዚያው በደቡብ ኦሞ ይፈተናል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በኩራዝ የስኳር ልማት ምክንያት በኦሞ ሸለቆ ቦዮችና ሰፋፊ የአገዳ ማሳዎች ተዘርግተዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የወንዙን ሙላት ሲቆጣጠር፣ ውኃው በሸሸበት ዳርቻ ይዘሩ የነበሩት የካሮ፣ የኛንጋቶምና የዳሰነች ሕዝቦች የእርሻ ዘዴ ተናግቷል። ኤሌክትሪክና ስኳር ለአገር የሚያስፈልጉ መሆናቸው አያከራክርም። የሚያከራክረው የማን መሬት «ባዶ» ተብሎ እንደሚቆጠር ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። እኛ እንደምናምነው ይህ መብት በቱርሚ ሥራ ላይ የሚውለው የማሽላውን ማሳ በገመድ በመለካት ብቻ አይደለም፤ ግጦሹ፣ የመንጋው መተላለፊያ፣ የውኃው ሥፍራና ያረፈው ማሳ እንደ አንድ የጋራ ይዞታ ሲመዘገቡ ነው። እርግጥ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሰው ተሰባስቦ እንዲኖር ይጠይቃሉ። ነገር ግን ለአዲስ ቤት ከሚተከለው ችካል በፊት የመንጋው መንገድ ይከበር። ካርታ የሚያነሣውም ባለሙያ መሣሪያውን ከማቆሙ በፊት ሽማግሌዎቹንና እረኞቹን ይጠይቅ፤ መሬቱን በእግራቸው የለኩት እነርሱ ናቸውና።