የቆመ መኪና ጎማም እንክብካቤ ይሻል

በከተማችን ውስጥ መኪና እያላቸው ዘወትር የማይነዱ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። እናት በመሥሪያ ቤቷ ሰርቪስ ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ ልጆችም በእግር ወይም በታክሲ ይማራሉ። መኪናው ግን ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ እሑድን፣ ለቅሶን ወይም ሠርግን ይጠብቃል። በሌላው ቤት ደግሞ ወደ ውጭ አገር የሄደ ወንድም «አደራ» ብሎ የተወው መኪና ለወራት አጥር ሥር ቆሞ ይታያል።

ብዙዎቻችን «ያልተነዳ መኪና አያልቅም» ብለን እናምናለን። ስለ ጎማ ሲሆን ግን ይህ እምነት ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የሚነዳ ጎማ ጥርሱ ያልቃል፤ የቆመ ጎማ ደግሞ ክብነቱን ያጣል። ከመሬት ጋር የተጣበቀው ክፍል እየተደፈጠጠ ጠፍጣፋ ይሆናል። መኪናው ሲነሳ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከሥርም «ዱብ፣ ዱብ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ቤተሰብ መኪናውን ሸጦ ከመገላገል ይልቅ ግቢ ውስጥ የሚያቆየው ለክፉ ቀን ነው። ሕፃን ሌሊት ትኩሳት ሲነሳበት፣ ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛት ወደ ሐኪም ቤት ለመድረስ ነው። ያ ቀን ሲመጣ ጎማው የማያስተማምን ከሆነ መኪናው መኖሩ ምን ይጠቅማል?

ጎማ ለምን ጠፍጣፋ ይሆናል?

መኪና ክብደቱን ሁሉ የሚያሳርፈው በአራቱ ጎማዎች ሥር ባሉ፣ እያንዳንዳቸው ከመዳፍ እምብዛም በማይሰፉ ቦታዎች ላይ ነው። ጎማ ከላይ ላስቲክ ይሁን እንጂ በውስጡ የናይለን፣ የፖሊስተርና የሽቦ ክሮች አሉት። መኪናው ሲሄድ ላስቲኩና ክሮቹ ይሞቃሉ፣ ይለሰልሳሉም። ቆሞ ሲቀዘቅዝ ግን በክብደት የተጫነው ክፍል በተጫነበት ቅርጽ ይረጋል። ቆይታው ሲረዝም፣ ንፋሱ ሲያንስ፣ መኪናው ሲከብድ ጠፍጣፋው ቦታ ይብስበታል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በየሰፈሩ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። እነዚህ በባትሪያቸው ምክንያት በመጠን ከሚመስሏቸው የነዳጅ መኪናዎች ስለሚከብዱ ባለቤቶቻቸው በዚህ ረገድ ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ጠፍጣፋነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጊዜያዊ ነው፤ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በመቆም የሚመጣና ጎማው ሲሞቅ የሚጠፋ ነው። ሁለተኛው ዘላቂ ነው፤ ለብዙ ወራት ያለ እንቅስቃሴ፣ በተለይም ንፋሱ ጎድሎ በቆመ መኪና ላይ የሚደርስና በመንዳት የማይለቅ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያለ ምክንያት ጎማ ከመግዛትም፣ በተበላሸ ጎማ ልጆችን ጭኖ ከመጓዝም ያድናል።

ሳይቃጠል በቅጠል

መከላከሉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚከተሉትን ማንኛዋም የቤት እመቤት ልታደርጋቸው ወይም ልታስደርጋቸው ትችላለች።

1ኛ/ ንፋሱን በወር አንድ ጊዜ ያስለኩ። ጎማ ባይበሳም በየወሩ ጥቂት ንፋስ ያጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ የበለጠ ዝቅ ያደርገዋል። ለመኪናዎ የሚስማማው መጠን ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር ደፍ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፎ ይገኛል። ልኬቱ ጎማው ሳይሞቅ፣ ማለትም መኪናው ረጅም መንገድ ሳይሄድ ቢሆን ትክክለኛውን ያሳያል። መኪናው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ከተለመደው ትንሽ ከፍ አድርጎ ማስሞላት ይረዳል። ሆኖም በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ፈጽሞ ማለፍ የለበትም፤ ከመንዳትዎም በፊት ወደ ልኩ ማስመለስ ያስፈልጋል።

2ኛ/ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይንዱት። ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ማሞቅ ብቻ ለጎማው ምንም አይጠቅመውም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከሆነማ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት ሕይወት ያጠፋል።

3ኛ/ መንዳት ካልተቻለ ከቦታው ያንቀሳቅሱት። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በቤት ውስጥ ከሌለ፣ የታመነ አሽከርካሪ በመሪው ላይ ተቀምጦ ሰዎች ጥቂት ቢገፉት ይበቃል። ዓላማው ጎማው በሌላ ጎኑ እንዲያርፍ ነው። ለማስታወሻ እንዲሆን መሬት በነካው በኩል በጎማው ጎን ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። በሚቀጥለው ጊዜ ምልክቱ ወደ ላይ ከዞረ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው።

4ኛ/ ከረጅም ጉዞ በኋላ ወዲያው አይርሱት። ከክፍለ ሀገር የተመለሰ መኪና ጎማው እንደሞቀ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ጠፍጣፋው ቅርጽ ቶሎ ይይዘዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ወይም በማግሥቱ ጥቂት ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ጥሩ ነው።

5ኛ/ መኪናውን መጋዘን አያድርጉት። ከገጠር የመጣ የጤፍ ኩንታል፣ ሲሚንቶ ወይም የቤት ዕቃ ለወራት ኋላ ላይ መከመር ክብደቱን ሁሉ በጎማው ላይ መጫን ነው።

6ኛ/ ማቆሚያውን ይምረጡ። ደረቅና ደልዳላ ይሁን። ዘይትና ናፍጣ የፈሰሰበት መሬት ላስቲኩን ይበላዋል። ጠንካራ ፀሐይም ያሰነጣጥቀዋል፤ ስለዚህ ጥላ ከሌለ ጎማዎቹን በጨርቅ ወይም በሸራ መሸፈን ይበጃል።

መኪናው ለብዙ ወራት እንደማይነሳ አስቀድሞ ከታወቀ ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ በብረት መደገፊያዎች ላይ ማሳረፍ ከሁሉ የተሻለ ነው። ይህን ግን ባለሙያ ይሥራው። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆያ አይደለም። ብሎኬትና ድንጋይም ሊፈረካከስ ይችላል። የተነሳ መኪና አጠገብ ልጆች እንዳይጫወቱ፣ ኳስ ለማውጣትም ከሥሩ እንዳይገቡ በጥብቅ ሊነገራቸው ይገባል።

ጠፍጣፋ ሆኖ ከተገኘስ?

በመጀመሪያ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። በጎኑ ላይ እብጠት፣ ጥልቅ ስንጥቅ ወይም ክሩ የታየበት ቦታ ካለ ለአጭር መንገድም ቢሆን አይንዱት፤ ጎሚስታ ወደ ቤት ይጠራ። ፈጽሞ ንፋስ ጠፍቶበት በቸርኬው ላይ ተጋድሞ የከረመ ጎማም ተፈትቶ ውስጡ ሳይታይ ንፋስ ተሞልቶለት ብቻ መንገድ መውጣት የለበትም።

እንዲህ ያለ ጉዳት ከሌለ ንፋሱን ወደ ልኩ ያስተካክሉ። ከዚያም ልጆችን ሳይጭኑ፣ ትራፊክ ባልበዛበት ጥሩ መንገድ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በመጠነኛ ፍጥነት ይነዳ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የነበረው መንቀጥቀጥ እየቀነሰ ከሄደ ጠፍጣፋው ጊዜያዊ ነበር ማለት ነው። በአንድ ጉዞ ጨርሶ ባይጠፋ በሚቀጥሉት ቀናት ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ይቻላል።

ጎማው ከሞቀ በኋላም መንቀጥቀጡ እንዳለ ከቀጠለ፣ ወይም ጭራሽ ከባሰ፣ መኪናውን ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። ምክንያቱ የቸርኬ መጣመም፣ የቡሎን መላላት ወይም ሌላ ብልሽት ሊሆን ስለሚችል ሁሉም ይመርመር። ጎሚስታው ጎማውን አንስቶ ሲያሽከረክረው ክብነቱን ማጣቱ ከታየ መድኃኒቱ መለወጥ ነው። በባላንስ ማሽን እርሳስ መለጠፍ የክብደት ልዩነትን ያስተካክላል እንጂ የተደፈጠጠን ጎማ ክብ አያደርግም። ጎማን በእሳት ወይም በፈላ ውሃ ለማሞቅ መሞከርም ላስቲኩን ይጎዳል፤ አደጋም ያስከትላል። የሚለወጥ ከሆነ በአንድ መስመር ያሉት ሁለቱ፣ ለምሳሌ የፊቶቹ፣ አብረው ቢለወጡ ይመረጣል።

ዕድሜውንም ይጠይቁ

ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደኅና አይደለም። ላስቲክ ሳይሠራበትም ያረጃል። በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ ዶት ከሚለው የላቲን ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይነግራሉ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር ወደ ሰኔ 2011 ዓ.ም. መግቢያ ግድም ተሠርቷል ማለት ነው። ጎማው አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ በባለሙያ ማስመርመር፣ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ መልኩ ቢያምርም መለወጥ ብዙ አምራቾች የሚመክሩት ነው። ይህ ቁጥር አዲስ ጎማ ሲገዙም ይጠቅማል፤ ሻጩ «አዲስ ነው» ያለው በመደርደሪያ ላይ ዓመታት የከረመ እንዳይሆን ሳይከፍሉ በፊት ያንብቡት። ኋላ ላይ ተቀምጦ የሚረሳው ስኮርታ ጎማም ንፋሱና ዕድሜው እንደሌሎቹ ሊታይ ይገባዋል።

ውድ እናቶች፣ ብዙ ጊዜ «የመኪና ነገር የወንድ ነው» እየተባለ ሥራው ለባል፣ ለወንድም ወይም ለጎረቤት ሾፌር ይተዋል። እነርሱ በሌሉበት ሌሊት ግን የታመመውን ልጅ አቅፋ በሩ ላይ የምትቆመው እናት ናት። የደጁ መኪና ያን ሌሊት እንዲያገለግል ከተፈለገ ዛሬ ሊታሰብበት ይገባል። በየወሩ የቤት ኪራይ ወይም የመብራት ሒሳብ በሚከፈልበት ቀን የጎማው ንፋስ እንዲለካና መኪናው ከቦታው እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ቢለመድ ሥራው አይረሳም። ለሐኪም ቤት መንገድም የተዘጋጀ መኪና በደጅ ይኖራል።