ስንፍና ወይስ ችግር?

በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ከሚማሩ ሕፃናት መካከል፣ ጓደኞቻቸው ማንበብ ሲጀምሩ ወደ ኋላ የሚቀሩ ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ሕፃን «ሰነፍ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ የዓይን ወይም የጆሮ ድካም፣ የንግግር እክል፣ አለዚያም የተጻፈውን ፊደል ከድምፁ ጋር ለማዛመድ መቸገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመፍረድ በፊት መመርመር ያስፈልጋል።

ይህ ምርመራ በሕግ ከተደነገገባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1975 የአገሪቱ ምክር ቤት እንዳረጋገጠው፣ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ፈጽሞ የተገለሉ ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የትምህርት ቤቶቹን በር ከፈተላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ስሙ ተለውጦ ዛሬም ይሠራበታል።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ልጁ የተቸገረ የመሰለው ወላጅ ምዘና እንዲደረግለት ትምህርት ቤቱን ይጠይቃል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ቢሆን ማስረጃ ይሆነዋል። ትምህርት ቤቱ ጥያቄውን ካልተቀበለ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ከተቀበለ ደግሞ ወላጁ ፈርሞ ሲፈቅድ፣ በ60 ቀናት ወይም የየግዛቱ ሕግ በወሰነው ጊዜ ውስጥ ምዘናው ያለ ክፍያ ይከናወናል። በአንድ ፈተና ብቻ ተመርኩዞ መወሰን ክልክል ነው። ሕፃኑ ልዩ ትምህርት እንደሚያስፈልገው ሲታወቅ፣ በ30 ቀናት ውስጥ ወላጁ የሚካፈልበት ስብሰባ ተደርጎ ለእርሱ ብቻ የሚሆን የትምህርት ዕቅድ ይነደፋል። ዕቅዱም ቢያንስ በየዓመቱ ይከለሳል።

የምዘናው ቋንቋ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በካሊፎርኒያ ስፓንኛ ተናጋሪ የሆኑ 9 ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዘገምተኞች ተብለው ነበር። በቋንቋቸው እንደ ገና ሲፈተኑ ግን አብዛኞቹ ከተወሰነው ነጥብ በላይ አመጡ። በዚህ ምክንያት የተነሣው ክስ እ.ኤ.አ. በ1970 በስምምነት ተፈጸመ። ዛሬ ሕጉ እስከ ተቻለ ድረስ ሕፃኑ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲመዘን ያዛል፤ እንግሊዝኛ አለመቻል ብቻውን እንደ ጉዳት አይቆጠርም። በዚያ አገር በቤታቸው አማርኛ የሚናገሩ ቤተሰቦችም በዚህ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ ወላጁ በስብሰባው የሚነገረውን እንዲረዳ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው።

አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ስም እንዳይወጣበት በመፍራት ፈቃዳቸውን ይነፍጋሉ። ነገር ግን ዝምታቸው በረዘመ ቁጥር በሕፃኑና በጓደኞቹ መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ይሄዳል። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፣ ጎላ ብሎ የታተመ መጽሐፍ፣ ጥቂት ተጨማሪ የፈተና ጊዜ ወይም በሳምንት ጥቂት የንግግር ልምምድ ብቻ አንድን ሕፃን ሊያቃና ይችላል። የትኛው ድጋፍ እንደሚስማማው የሚታወቀው ግን አስቀድሞ ሲመረመር ነው።