ቀረጥ የውጭ ክፍያን ጉድለት ሊሞላ ይችላልን?

አንድ አገር ወደ ውጭ የሚከፍለው ገንዘብ ከውጭ ከሚያገኘው ሲበልጥ የውጭ ክፍያው ሚዛን ጎደለ ይባላል። ኢትዮጵያ በ2015 የበጀት ዓመት ወደ ውጭ የላከችው ዕቃ ዋጋ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ያስገባችው ግን ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ይህ ክፍተት የሚሸፈነው በውጭ ያሉ ወገኖቻችን በሚልኩት ገንዘብ፣ በአገልግሎት ገቢ፣ በውጭ ባለሀብቶች መዋዕለ ንዋይ፣ በርዳታና በብድር ነው። እነዚህ ያልበቁ እንደሆነ የብሔራዊ ባንክ ተቀማጭ ይመናመናል።

እንግዲህ «በሚገባው ዕቃ ላይ ቀረጥ ቢጨመር ጉድለቱ አይቀንስምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ሲወደድ ገዥው ይቀንሳል፣ የውጭ ምንዛሪም ይተርፋል። በአገራችን ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ ከመቶ 35 ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በብዙ ዕቃዎች ላይ ከመቶ 10 ሱር ታክስ ተጨምሯል። ወደብ ደርሶ 1,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ 350 ብር ቀረጥ፣ ከዚያም ከመቶ 15 የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በድምሩም ላይ ሱር ታክስ ቢከፈልበት፣ ሌላው ክፍያ ሳይቆጠር ዋጋው 1,707 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናል።

ነገር ግን ይህ መድኃኒት ሦስት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፣ ከምናስገባው ዕቃ ትልቁን ድርሻ የያዙት ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መሣሪያ፣ ብረትና መድኃኒት የመሳሰሉት ናቸው። በእነዚህ ላይ ከባድ ቀረጥ መጣል እርሻውንና ፋብሪካውን መጉዳት ነው፤ የቅንጦት ዕቃው ብቻ ቢቀረጥ ደግሞ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ቀረጡ ሊጠብቀው ያሰበውን ሰው ራሱን ይነካዋል። ከሳር ቤት ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ሥራ ቤት ያለው አንድ አናጢ አለ እንበል። ከውጭ በሚመጣው ቁምሳጥን ላይ የተጣለው ቀረጥ ገበያ ይከፍትለታል። ዳሩ ግን ኤምዲኤፉ፣ ኮላው፣ ማጠፊያውና የመጋዙ ስለት ከውጭ የመጡ ከሆኑ፣ በእነዚህም ላይ ቀረጥ ሲጨመር በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ይወሰድበታል።

ሦስተኛ፣ ኢኮኖሚስቱ አባ ለርነር እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳስረዳው፣ በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ በወጪ ዕቃ ላይ እንደሚጣል ግብር ይቆጠራል። ጉልበትና ገንዘብ ጥበቃ ወዳገኘው ሥራ ሲሄድ ቡናውና ቆዳው ወደኋላ ይቀራል። ዶላር የሚያስገኘው ግን ይኸው ቡናና ቆዳ ነው።

የሌሎች አገሮች ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1964 ከመቶ 15 ልዩ ቀረጥ ጥላ በ1966 አነሣች፤ በ1967 ግን የፓውንድን ዋጋ ከ2.80 ወደ 2.40 ዶላር ዝቅ ከማድረግ አልዳነችም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1971 የጣለችውን ከመቶ 10 ቀረጥ በታኅሣሥ ያነሣችው የዶላር ምንዛሪ እንዲቀንስ ከተስማማች በኋላ ነው። በእኛም ዘንድ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተከለከሉ። ክልከላ ቀረጥ ባይሆንም ዓላማው አንድ ነበር። እሱም የተነሣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ነው። ያን ዕለት ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ወደ 74 ብር ደረሰ።

የምንዛሪው ለውጥ ከቀረጥ የሚለየው ገቢውን ዕቃ ሲያስወድድ ላኪውንም በመጥቀሙ ነው። ይሁን እንጂ ያለ ሥቃይ አይመጣም። ቀረጡም በብር በተተመነው ዋጋ ላይ ስለሚሰላ፣ የ100 ዶላር ዕቃ ከመቶ 35 ቢቀረጥ፣ ዶላር 57 ብር ሳለ 1,995 ብር የነበረው ቀረጥ ዶላር 100 ብር ሲገባ 3,500 ይሆናል። የመካኒሳው አናጢ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሸከማል።

በዚህ ምክንያት ቀረጥ ጊዜ መግዣ እንጂ ጉድለት መሙያ አይደለም ለማለት ይቻላል። ጊዜውን ለመግዛት ሲባል ቢጣል እንኳ የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ ይነገር፤ በጥሬ ዕቃና በመሣሪያ ላይ ይቅለል፤ ላኪው ለጥሬ ዕቃ የከፈለውም ሳይዘገይ ይመለስለት። የተገዛው ጊዜ ወደ ውጭ የሚላከውን ካላሳደገ፣ ጉድለቱ እንዳለ ይቆያል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሸማቹ ነው።