ቴክሳስን ሲበርዳት

ዳላስ የሚኖር ሐበሻ የመብራት ሒሳብ የሚያማርረው በሐምሌና በነሐሴ፣ ኤሲው ሌት ተቀን ሲሠራ ነው። ብርድ የሚኒሶታ ሰው ጣጣ ነበር። በየካቲት 2021 (እ.ኤ.አ.) ግን የዳላስ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደረሰ፤ ከ1949 ወዲህ እንዲህ በርዶ አያውቅም። በግዛቱ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው፤ ለአንዳንዱ ለቀናት። ግዛቱ ኋላ የቆጠረው ሟች 246 ሲሆን፣ 161ዱ በብርዱ የሞቱ ናቸው።

ነገሩን እንደ ድንገተኛ መቅሰፍት የሚያወሩት አሉ። ይሁንና በ2011፣ በዚያው በየካቲት ወር፣ ተመሳሳይ ብርድ መብራት አጥፍቶ ነበር፤ የፌዴራል መርማሪዎችም ማመንጫዎቹና የጋዝ ጉድጓዶቹ ለብርድ እንዲዘጋጁ በጽሑፍ መክረዋል። ምክር እንጂ ግዴታ ስላልነበረ መዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ።

አሥር ዓመት ቆይቶ የሆነው እንዲህ ነው። ብዙው ማመንጫ የሚሠራው በጋዝ ነው፤ ጋዙን የሚገፋው መሣሪያ ደግሞ በመብራት። ጭነት ለመቀነስ በየሰፈሩ መብራት ሲቆረጥ፣ «እኛን አትቁረጡ» የሚለውን ቅጽ ያልሞሉ የጋዝ ድርጅቶችም አብረው ተቆረጡ። መብራቱ ጋዙን አስቀረ፣ ጋዙ መልሶ መብራቱን። መረቡን የሚያስተዳድረው ኤርኮት እንዳስታወቀው፣ ሁሉም ነገር ሊወድቅ የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ነበር። ቴክሳስ ከፌዴራል ቁጥጥር ለመሸሽ መረቡን ለብቻው ስለያዘ ከጎረቤት የሚበደረውም ኃይል እምብዛም አልነበረም።

ኤል ፓሶ እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ናት፤ ግን ከኤርኮት መረብ ውጭ። በ2011 ክፉኛ ተመትታ ስለነበር የመብራት ድርጅቷ ገንዘብ አውጥቶ ተዘጋጀ። በ2021 መብራት የጠፋበት ደንበኛ ጥቂት ሺሕ ብቻ ነው፤ እሱም ለአጭር ጊዜ። ምክሩን የሰማና ያልሰማ በአንድ ሳምንት ተለየ።

ግዛቱ በዚያው ዓመት ማመንጫዎች ለብርድ እንዲዘጋጁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ የታኅሣሥ 2022ን ብርድ መረቡ ቻለው። በየካቲት 2023 ግን ኦስቲን ውስጥ በረዶ የከበደው የዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ እየወደቀ ብዙ ሰፈር ለቀናት ጨለመ፣ የከተማዋ ሥራ አስኪያጅም በዚያው ወር ተሰናበተ። ሕጉ የሰፈር ዛፍ አይቆርጥም።

በ2021 ከሞቱት 246 ሰዎች 19ኙን የገደላቸው ብርዱ ሳይሆን ለመሞቅ የተደረገው ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሰው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሥቶ ይሞቃል፤ ጄኔሬተር ወይም የባርቤኪው ከሰል ቤት ያስገባል። ከሟቾቹ መካከል በሂዩስተን ይኖሩ የነበሩ ወገኖቻችንም ነበሩ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ልምድ ያዘናጋናል። ከሰል ደጅ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ እስኪወጣለት ይራገባል፣ ፍም ሲሆን «አሁን አስገቡት» ይባላል። ጭሱ ቢወጣለትም ገዳዩ ጋዝ ከፍሙ መውጣቱን አይተውም፤ ሽታም መልክም የለው። አገር ቤት በር ዘግተው ተኝተው በከሰል ጭስ ታፍነው የሚሞቱትም በዚሁ ነው። ያ ቤት እንኳ ከበሩ ሥርና ከቆርቆሮው ሥር ክፍተት አያጣም። የአሜሪካ አፓርትመንት ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ የተደፈነ ነው፤ በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው የበሩን ሥር በፎጣ ይወትፋል። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ሲመጣ «ብርድ መታኝ» ብሎ ተከናንቦ ይተኛል። መድኃኒቱ ግን ወዲያው ደጅ መውጣትና 911 መደወል ነበር።

የመንግሥት ማስጠንቀቂያ በስልክ ሲመጣ፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት ያጠፉታል። እኔ ይበልጥ የምተማመነው በእድሩ ነው። እድር ሰው ሲሞት አመሻሹን ሳይጨርስ ሁሉን ያዳርሳል፤ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን መኪና እንዳለው ያውቃል። ያው የስልክ ዝርዝር በብርዱ ዋዜማ ለምን አይደወልበትም? «እትዬ፣ መብራት ቢጠፋም ከሰል እንዳያስገቡ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎ ባትሪ አለው? ከሌለው ልጁን እልካለሁ» ማለት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

በኦክስጅን ማሽን የሚኖር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሐኪም የፈረመበት ቅጽ ለመብራት ድርጅቱ አስገብቶ መመዝገብ ይችላል። ምዝገባው መብራት አይጠፋም የሚል ዋስትና አይደለም። ስለዚህ የማሽኑ ባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚይዝ፣ ሲያልቅም የማን ቤት እንደሚኬድና ማን እንደሚያደርስ ብርዱ ሳይገባ ተነጋግሮ መጨረስ ያስፈልጋል።