ትዳር ያናጋው የኋላ በር!

እናንተዬ፣ ሰው በገንዘብ ይጣላል፣ በዘመድ ይጣላል፣ በቅናት ይጣላል። በሚኒባስ የኋላ በር ምክንያት ትዳሩ ተናግቶ ሽማግሌ የላከ ሰው ግን እኔ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። እዚሁ ሐዋሳ የሰፈሬ ልጅ ነው፣ ባለ ሚኒባስ። ስሙን ተዉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናው የኋላ በር ወደ ላይ የሚከፈት ነው፤ ዶልፊኑም አባዱላውም ያው ናቸው። ያን ከባድ በር ከፍ አድርገው የሚይዙት ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። የበር አሞርዛተር የሚላቸው አለ፣ የጋዝ ሾክ የሚላቸውም አለ። የዚህ ሰው ዘንጎች በሩን መያዝ ካቃታቸው ሰነባብተዋል። መድኃኒቱ ምን ይመስላችኋል? የመጥረጊያ እንጨት! በሩን ይከፍታል፣ በእንጨት ይደግፈዋል፣ ዕቃውን ይጭናል፣ እንጨቱን ነቅሎ ይዘጋል። መቼም መነኸሪያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይህን ዓይነት ድጋፍ ሳያይ አልቀረም።

ሚስቱ ቆጮ ነጋዴ ናት። አንድ ቀን በማለዳ ሐገረ ሰላም ሄደው ስትጭን እንጨቱ ተንሸራተተ። በሩ አናቷ ላይ! ደግነቱ ጋቢዋን ተከናንባ ነበር፤ በሦስት ስፌት ተረፈች። ከሐኪም ቤት ስትወጣ ግን ወደ ባሏ ቤት ሳይሆን ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ሽማግሌ ቢላክባት መልሷ አንድ ነው። «ለቴፑ ገንዘብ አለው፣ ለመብራት ጌጡ ገንዘብ አለው፣ ለእኔ ጭንቅላት ሲሆን መጥረጊያ! በሩ ሳይሠራ አልመለስም።»

ባልየውም የሚለው አለው። «አምና እኮ አዲስ ገዝቼ አስገጥሜያለሁ። ከሳምንት በኋላ ያው ወደቀ። ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ።» ነገሩ ስላላሳመነኝ አንድ የማውቀው መካኒክ ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

መካኒኩ ዘንጎቹን እንኳ ሳያይ በሩን ዞሮ ተመለከተና ሳቀ። በሩ ላይ የብረት መሰላል ተበይዷል፤ ከመሰላሉ ጎን ደግሞ ትርፍ ጎማ ታስሯል። «ወንድሜ፣ ይሄ በር ከፋብሪካ የወጣው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው?» አለው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው! እኛ መለዋወጫ ቤት ገብተን «የሃይስ ስጠኝ» እንላለን። ዘንጉ ግን የመኪናውን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው የበሩን ክብደት ነው።

ዘንጉ ውስጥ ታምቆ የተሞላ ናይትሮጅን ጋዝና ጥቂት ዘይት አለ። ጋዙ ይገፋል፤ ዘይቱ ጋዙን አፍኖ የያዘውን ጎማ እንዳይደርቅ ያደርገዋል፣ በሩም ተከፍቶ ሲያበቃ እንዳይናጥ ያለዝበዋል። ጋዝ ደግሞ ብርድ አይወድም። ከ30 ዲግሪ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ከመቶ 7 እጅ ያህል ጉልበቱ ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ላይ እንደምንም የሚቆም በር ሐገረ ሰላም በማለዳ የሚከዳችሁ ለዚህ ነው።

የዘንጉ ጉልበት ገላው ላይ በኒውተን ተጽፏል። 10 ኒውተን ማለት 1 ኪሎ ያህል የመሸከም አቅም ነው። አምና የተገዙት 450 የሚል ነበረባቸው። መካኒኩ በሩን ሁለት ሰው አሸክሞ ዘንጎቹን ነቀለ። ከዚያ በሩን አግድም ተከፍቶ እንዳለ ጫፉን በአጣና አስደገፈው፤ ከአጣናው ሥር የቤት ሚዛን አስቀመጠ። የአጣናው ክብደት ሲቀነስ 26 ኪሎ! ከማጠፊያው እስከ በሩ ጫፍ 120 ሳንቲ ሜትር፣ ከማጠፊያው እስከ ዘንጉ መስመር በአጭሩ ሲለካ 22። 26ን በ120 አባዝቶ ለ22 ሲያካፍል 142 ኪሎ ገደማ መጣ። ለሁለቱ ዘንጎች ሲከፈል እያንዳንዱ 71 ኪሎ፣ ማለትም 710 ኒውተን ይፈለግበታል። እንግዲህ የአምናው ሻጭ በከንቱ ተሰድቧል ማለት ነው።

«ታዲያ 1000 የሚለውን ልግዛና ልገላገል» አለ ባልየው። አይሆንም! ከልክ በላይ የጠነከረ ዘንግ ላሜራውን ያጣምማል፣ ማጠፊያውን ይገነጥላል፣ ቁልፉ ሲለቀቅም በሩ ተስፈንጥሮ የከፋቹን አገጭ ያገኛል። የሚሻለው ሸክሙን መቀነስ ነው። ትርፍ ጎማው ወርዶ ሲለካ 17 ኪሎ ሆነ። በዚያው ስሌት፣ ጥቂት መጠባበቂያ ተጨምሮ፣ 500 የሚሉ ሁለት ዘንጎች በቁ።

ሰውዬው ቆጣቢ ነውና አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ልደውል፣ አሮጌ ይላኩልኝ አለ። አሮጌ ዘንግ ሎተሪ ነው፤ ጋዙ አይታይም። እዚያው ቆማችሁ የምትገዙ ከሆነ ግን ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ መሬት ላይ ተጫኑት። 500 የሚለው 50 ኪሎ ካላገኘ አይገባም፤ በአንድ እጅ ሰተት ካለላችሁ አልቆለታል። ስትቀይሩም ሁለቱንም አንድ ላይ ነው፤ አንዱ አዲስ አንዱ ደካማ ከሆነ በሩ ይጣመማል።

አገጣጠሙ ደቂቃዎች ነው የፈጀው። በሩ ሲዘጋ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች መሆን አለበት፤ ዘይቱ ጎማው ላይ የሚያርፈው እንደዚያ ሲሆን ነው። የማያያዣውን ሽቦ በትንሽ ካቻቢቴ ብድግ ማድረግ ይበቃል። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ የያዘ ሰው ግን ያንኑ ቀን ገደለው፤ ትንሽ ጭረት ጎማውን ትቆርጠዋለች፣ ጋዙም ይወጣል። አጠገቡ መበየድም ክልክል ነው። ያረጀውን ደግሞ አትቁረጡት፣ እሳት ውስጥም አትጣሉት። ጋዙ አይቀጣጠልም፣ ታምቆ ስላለ ግን ይፈነዳል። ለቁራሌው ስትሰጡትም ይህንኑ ንገሩት፤ እሱም ልጆች አሉት።

ሽማግሌዎቹ ሚስትየዋን ይዘው መጡ። ረዳቱ ሊከፍትላት ሲል «ተወው፣ ራሴ ነኝ» አለች። ከፈተችው፤ በሩ ቀስ ብሎ ወጣ። ገለል ብላ ቆመች። «ቡናው እስኪያልቅ እንዲህ ይቆይ» አለች። አቦሉም ቶናውም ተጠጣ፣ ሁሉም አንገቱን እያዞረ በሩን ያያል። በረካው ሲቀዳ በሩ እዚያው ነበር። ማታውን ሻንጣዋን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ቆጮውን ግን እስከ ዛሬ የሚጭነው ባልየው ነው።