ጎብኚን የሚስበው የማሌዥያ ተራራማ እርሻ

የማሌዥያ ዋና ከተማ ኳላ ላምፑር ለአጭር ዕረፍት የሚመጡ እንግዶችን 452 ሜትር በሚረዝሙት የፔትሮናስ መንትያ ሕንጻዎቿ ትቀበላለች። 272 ደረጃ የሚያስወጣው የባቱ ዋሻ የሂንዱ መቅደስም ብዙዎችን ይስባል።

ከከተማዋ ሙቀት እፎይታ የሚሹት ወደ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወደ ካሜሮን ሃይላንድስ ይወጣሉ። ታናህ ራታ የተባለችው የመዝናኛ ከተማ 1 ሺህ 440 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ለኢትዮጵያ ደገኛ ይህ ብዙ ከፍታ አይደለም፤ ለቆላው ማሌዥያዊ ግን ሹራብ ያስለብሳል።

እዚህ የሚጎበኘው እርሻው ራሱ ነው። እንግዳው በሻይ ማሳ መካከል ይዘዋወራል፤ እንጆሪውንም በእጁ ለቅሞ ይከፍላል። ገበሬው ምርቱን ገበያ ሳያወጣ እማሳው ላይ ይሸጣል።

ይሁንና ለአትክልት እርሻና ለሆቴል ሲባል የተዳፋቱ ደን ተመንጥሯል። በዝናብ የሚታጠበው አፈር በሪንግሌት የሚገኘውን ግድብ በደለል ሞልቶታል። እ.አ.አ በጥቅምት 2013 በከባድ ዝናብ ከግድቡ ውኃ ሲለቀቅ ከሥሩ ባለው የበርታም ሸለቆ ሰዎች ሞተዋል። ዝናብ በሚበረታባቸው በጥቅምትና በኅዳር ወራት የተራራውን መንገድ የመሬት መንሸራተት ሊዘጋው ስለሚችል፣ ተጓዦች ከመነሳታቸው በፊት የመንገዱን ሁኔታ ያጣራሉ።