ከሥራ የተሰናበተ ሰው ቀኑን ይቍጠር

የቤት አባት ወይም የቤት እመቤት ከሥራ በተሰናበተ ጊዜ ችግሩ ለመላው ቤተ ሰብ ይደርሳል። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት፣ የዕለት እንጀራ ሁሉ በአንዲት የስንብት ደብዳቤ ይናጋሉ። ስለዚህ ሕግ ለእንዲህ ያለው ሰው ምን እንዳዘዘለት፣ የታዘዘለትንም ገንዘብ በምን ምክንያት እንደሚያጣው፣ ለክቡራን አንባብያን ጥቂት ለመግለጽ ወደናል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንግሊዝ በ1911፣ ጀርመን በ1927 ሥራ ላጣ ሰው ከመድን ገንዘብ አበል እንዲሰጠው በሕግ ደነገጉ። በአገራችን ግን እንዲህ ያለ የመንግሥት አበል የለም። በእርሱ ፈንታ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ራሱ የሥራ ስንብት ክፍያ እንዲከፍል ያዝዛል።

ከጅማ በስተ ሰሜን በምትገኘው በሊሙ ገነትና በዙሪያዋ ባሉት የቡና እርሻዎች ሁለት ዓይነት ሠራተኞች ይገኛሉ። አንደኛው ቡናው በቀላ ጊዜ ለለቀማ ብቻ የሚቀጠር ነው፤ የዚህ ሰው ውል በጊዜው ማለቁ የስንብት ክፍያ ከሚያስገኙት ምክንያቶች አይቈጠርም። ሁለተኛው ክረምት ከበጋ ችግኝ የሚያፈላ፣ አረም የሚያርም፣ በመፈልፈያው የሚሠራ ወይም መዝገብ የሚይዝ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው የሙከራ ጊዜውን ከፈጸመ በኋላ ድርጅቱ ቢዘጋ፣ ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ቢወጣ፣ ወይም ከሕግ ውጭ ቢባረር ክፍያው ይገባዋል።

ስሌቱም እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሢሶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ በመዘጋቱ ወይም በቅነሳ ለወጣ ሰው ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልለታል። ለምሳሌ በቀን 100 ብር የሚያገኝና 7 ዓመት ያገለገለ ሰው በቅነሳ ቢወጣ፣ ስለ መጀመሪያው ዓመት 3,000፣ ስለ ተከታዮቹ 6 ዓመታት 6,000፣ ስለ ቅነሳውም 6,000፣ በድምሩ 15,000 ብር ይደርሰዋል። ገንዘቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈል ዘንድ ታዝዟል፤ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪም እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨምሮ እንዲከፍል ዳኛ ሊፈርድበት ይችላል።

ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ ብዙ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። የአገራችን ሰው ጌታውን መክሰስ ያፍራልና አስቀድሞ ሽማግሌ ይልካል። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌ ሲመላለስ ቀኑ ይሄዳል። አሠሪውም «ቡናው ሲሸጥ እከፍላለሁ» ይላል፤ ቡናው ይሸጣል፣ ገንዘቡ ግን አይመጣም። በስንብት ምክንያት የሚጠየቅ ክፍያ ከተሰናበተበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለውም ጥያቄ በ3 ወር ያበቃል። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ሥራ የምንውል ሰዎች በሰባተኛው ወር እያለቀሰ የሚመጣውን አይተናል። እውነቱ ከእርሱ ጋር ሳለ ቀኑ ግን ከእርሱ ጋር አልነበረም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሽምግልናው ይቀጥል፤ ነገር ግን አሠሪው ዕዳውን ማመኑን በጽሑፍ ከነቀኑ ይፈርምለት፤ እንዲህ ያለው እምነት የይርጋውን ቈጠራ ያቋርጣልና። እምቢ ቢል ወደ ወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት በጊዜ ይሂድ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚናገር የምስክር ወረቀትም ያለ ዋጋ ይጠይቅ፤ አሠሪው ይህን የመስጠት ግዴታ አለበት።

እናንተም በእርሻና በንግድ ሠራተኛ የምታስተዳድሩ ጌቶችና እመቤቶች፣ ይህ ገንዘብ ምጽዋት ሳይሆን የሠራተኛው የላቡ ቀሪ መሆኑን አስቡ። የሠራተኛው ባለቤት ደግሞ የስንብቱን ደብዳቤ ከልጆቿ የልደት ወረቀት ጋር በአንድ ሣጥን ታኑር፤ 6 ወሩ የሚሞላበትንም ቀን በላዩ ትጻፍበት።